ግንዱና ክዳኑ

በግንድ የተሠራ አሮጌ በረት ሁለት ዕድሜ አለው። ግንዱ ከውሃ እስከተጠበቀ ድረስ 100 ዓመትም 200 ዓመትም ይቆማል፤ ደረቅ እንጨትን ዘመን ብቻውን አይጥለውም። ክዳኑ ግን ሌላ ነው። በእጅ ተሰንጥቆ የተደራረበ የእንጨት ክዳን እንደ አየሩና እንደ እንጨቱ ጥራት ከ20 ወይም ከ30 ዓመት እምብዛም አይሻገርም፤ ፀሐይ ያጎብጠዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ነፋስ ይገነጥለዋል። ግንዱ በዘመናት ሲቆጠር ክዳኑ የሚቆጠረው በአንድ ሰው የጉልምስና ዕድሜ ነው። የዚህ ሐተታ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ተራ የግንባታ እውነት ነው፦ እንዲህ ያለውን በረት ማንም ወራሽ ሙሉ አድርጎ ሊወርሰው አይችልም። አባት ለልጁ የሚያስረክበው ሁልጊዜ ክዳኑ በመድከም ላይ ያለ ቤት ነው፤ ልጁም በዘመኑ አንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ ካልወጣ አያቱ የጠረቡት ግንድ ለልጅ ልጁ አይደርስም። አንድ የገበሬ ቤተሰብ በረቱን ለአራትና ለአምስት ትውልድ ጠብቆ አቆየ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው እንጨቱ ሳይነካ መቀመጡን ነው። እኔ የማምነው ግን የቆየው ነገር ሌላ መሆኑን ነው፤ በየትውልዱ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ምርጫ እያለ፣ እንደገና የተወሰነ ውሳኔ።

ክርክሩ መሬት እንዲይዝ አንድ አካባቢ ልምረጥ። በአሜሪካ በቴነሲ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ በግሬት ስሞኪ ተራሮች ግርጌ፣ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኝ የበረት ዓይነት አለ። ከታች በጥርብ ግንድ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ አለ። ከክፍሎቹ ራስ ላይ ረጃጅም አግዳሚ ግንዶች ምንም ምሰሶ ሳይደግፋቸው ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ በእነሱ ላይ ደግሞ ከታችኛው ቤት በብዙ የሚሰፋ የድርቆሽ ቆጥ ይቀመጣል። ማሪያን ሞፌትና ሎውረንስ ዉድሃውስ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ምሁራን እነዚህን በረቶች እየዞሩ መዝግበው ጥናታቸውን በ1993 በመጽሐፍ አውጥተዋል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በምሥራቅ ቴነሲ 316 አገኙ፤ ከነዚያ 183ቱ በሰቪር አውራጃ፣ 106ቱ በብላንት አውራጃ ናቸው። በጎረቤቱ በቨርጂኒያ ያገኙት 6፣ በሰሜን ካሮላይና 3 ብቻ ነበር። አብዛኞቹ የተሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። የሠሯቸውም ለራሳቸው ከብትና ለራሳቸው መኖ መጠለያ የፈለጉ ገበሬዎች ናቸው።

ይህ ቅርጽ ለምን በዚያ ጠባብ አገር ብቻ እንደተስፋፋ አጥኚዎች ብዙ ተከራክረዋል። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ የቅርጹ ጥቅም ግን ለዓይን ግልጽ ነው። በእነዚያ ተራሮች በዝቅተኛው ስፍራ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር፣ በጫፎቹ ላይ ደግሞ ከ2,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብና በረዶ ይወርዳል። የተንጠለጠለው ቆጥ ለታችኛው ግንድ ጥላ ይሆነዋል፤ ከብቱም ጋሪውም ከሥሩ ይጠለላሉ። ግንዶቹ በማዕዘን የሚገናኙበት ጥርስ በብዙዎቹ ዘንድ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ ይህ ቅርጽ ግንዱ እንዳይንሸራተት ያስረዋል፣ የገባችውን ጠብታም ወደ ውጭ ያወርዳታል። የታችኛው ግንድ በመሬት ላይ አይተኛም፤ በድንጋይ እግር ላይ ተነሥቶ ይቀመጣል። በመኖሪያ ቤት ግንዶች መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ሲመረግ በበረት ግን ክፍት ይተዋል፣ ነፋስ ገብቶ እንዲያደርቅ። ይህን ሁሉ ያሰቡት ሰዎች የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ግን ውሃ እንጨትን በምን በኩል እንደሚገባበት አንድ በአንድ ያውቁ ነበር። በእኔ እይታ ይህ ዕውቀት ከበረቱ ዕድሜ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ነው።

ሆኖም ብልሃቱ ሁሉ የሚያገለግለው ክዳኑ እስካለ ድረስ ነው። ክዳኑ በአንድ ቦታ ሲቀደድ ጥፋቱ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የቆጡ ወለል ይርሳል። ቀጥሎ ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት ረጃጅም ግንዶች ውሃ ይጠጣሉ፤ እርጥብ እንጨት ሻጋታን ይጠራል፣ የተበላውንም ነቀዝ ይቀበለዋል። ከዚያ የተዘረጋው ጫፍ እየጎበጠ ይሄዳል፣ ጣሪያውንም ይዞ ይወርዳል፣ ማዕዘኖቹም ይከፈታሉ። ለ100 ዓመት የቆመው በረት ችላ ከተባለ አንድ ሕፃን አድጎ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው የሚፈጀው ነገር ማነሱን ነው። ቤቱን የሚያቆየው ትልቅ ገድል ወይም ትልቅ ሀብት አይደለም፤ ከክረምት በኋላ ቀና ብሎ ጣሪያውን የማየት ልማድ ነው፣ የተነቀለውን ምስማር በዚያው ሳምንት የመመለስ ትጋት። ልማዱ የሚቋረጠው ደግሞ ማንም ሳያውጅ ነው፤ በረቱን አፍርሱ ብሎ የወሰነ ሰው ሳይኖር በረቱ ይፈርሳል።

ዛሬ በዚያ አገር ከቆሙት አሮጌ በረቶች ብዙዎቹ የተከደኑት በቆርቆሮ ነው። የቅርስ ወዳጅ የሆነ ጎብኚ ይህን ሲያይ ቅር ይለዋል፤ ጥርብ ግንድ ላይ የዛገ ቆርቆሮ ጌጥ አይሆንም፣ ቀድሞ የነበረው የተሰነጠቀ የእንጨት ክዳን ነበርና። ቅሬታው ይገባኛል፤ በዚያው ልክ ግን ቆርቆሮውን መከላከል እፈልጋለሁ። የቆርቆሮ ዕድሜ ከተሰነጠቀ እንጨት ይረዝማል፣ ለመሥራትም አይከብድም፣ ዋጋውም የገበሬን አቅም አይፈትንም። ከዘመናት በኋላ ግንዱ ዛሬ ድረስ የደረሰው አንድ ቀን አንድ ሰው መልኩን ትቶ ነፍሱን ለማዳን ስለወሰነ ነው። ያ ሰው ቅርስ ጠባቂ መባልን አልፈለገም፤ ድርቆሹ እንዳይርስበት ነበር የሚሻው። ይሁን እንጂ የአያቱን እጅ ሥራ ያተረፈው በዚያው ሥራ ነው። ክዳኑን በመልኩ ብቻ የሚፈርድ ሰው በዚህ በረት ታሪክ ውስጥ ከግንዱ ቀጥሎ እጅግ እውነተኛ የሆነውን ማስረጃ እንደ ጉድፍ ይቆጥረዋል። የመጀመሪያው ሠሪ እንደሚሠራ አውቆ ሠራ፤ ቆርቆሮውን የመታው የልጅ ልጅ ደግሞ ሊተወው ሲችል አልተወውም።

ሊተወው ይችል ነበር ማለቴ እንዲያው የአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ አንድ የግል በረት በ1966 በወጣው የታሪካዊ ቅርሶች ሕግ መሠረት በብሔራዊው መዝገብ ላይ ቢሰፍር እንኳ፣ የአካባቢ ደንብ ካልከለከለና የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ ካልገባበት በቀር ባለቤቱ ሊያፈርሰው ይችላል። መዝገቡ ክብር ይሰጣል፣ ጥበቃን ግን አያስገድድም። መሬቱም ቢሆን በአንድ ወራሽ እጅ እንዲቆይ የሚያዝዝ ሥርዓት የለም፤ ኑዛዜ ሳይኖር ሲቀር ለወንድማማቾችና ለእኅትማማቾች በጋራ ይተላለፋል፣ ከጋራ ባለቤቶቹም አንዱ ተነሥቶ ድርሻዬ ይለይልኝ ቢል ፍርድ ቤት መሬቱን እስከ መሸጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ በረት በአንድ ቤተሰብ እጅ ለ100 ዓመት ቆየ ማለት በየዘመኑ አንድ ክዳን ታደሰ ብቻ ሳይሆን በየዘመኑ ወንድምና እኅት ተስማሙ ማለትም ነው። ከጣሪያው ይልቅ ይህኛው ሳይከብድ አይቀርም።

እስካሁን ባልኩት ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ በፍልስፍና የታወቀ ነው። ፕሉታርክ የቴሴዎስን መርከብ ታሪክ ሲጽፍ አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ እንደነበርና ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ እያሉ ይከራከሩበት እንደነበር ይነግረናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ ሆብስ ጥያቄውን ይበልጥ አከረረው፦ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ቢገጥማቸው እውነተኛው መርከብ የትኛው ሊሆን ነው? በረታችንም ክዳኑ ሦስት አራት ጊዜ ተቀይሯል። የታችኛው ግንድ ሲበሰብስ ሰዎች ቤቱን በክሪክ ጥቂት አንሥተው አውጥተውታል፣ በሌላም ተክተውታል። በሩና የቆጡ ወለል አዲስ ናቸው። ታዲያ ተጠበቀ የሚባለው ምንድን ነው?

ለዚህ ተቃውሞ ሁለት መልስ አለኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይጠነክራል። የመጀመሪያው የሁሉም ክፍል ክብደት እኩል አለመሆኑ ነው። የክዳኑ ሳንቃ ከመነሻው የሚለወጥ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ሠሪውም ይህን ያውቅ ነበር። ክዳኑን መቀየር የሕንፃውን ሥርዓት መፈጸም ነው፤ ማዕዘኑን ማፍረስ ግን ሌላ ነገር ነው። በጃፓን የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ከነምሰሶው እንደ አዲስ ይሠራል፤ 62ኛው ግንባታ የተጠናቀቀው በ2013 ነበር። በዚያ የሚጠበቀው የእጅ ሙያው ነው፣ እንጨቱ በየዙሩ ይሰናበታል። የቴነሲው በረት ከኢሴና በመስታወት ውስጥ ከሚቀመጥ ዕቃ መካከል ይቆማል፤ የማይለወጥ ክፍል አለው፣ የሚለወጥም አለው፣ የማይለወጠውም በሚለወጠው ይኖራል።

ሁለተኛው መልስ በእንጨቱ ዓይነት ውስጥ ያለ ነው። በእነዚያ ተራሮች ገበሬው ለግንባታ ከሚመርጣቸው ዛፎች አንዱ የአሜሪካ ቼስትነት ነበር፤ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ለመሰንጠቅ የሚቀልል፣ መበስበስንም አጥብቆ የሚቋቋም። በ1904 በኒው ዮርክ የእንስሳት መጠበቂያ ፓርክ ውስጥ አንድ የፈንገስ በሽታ በቼስትነት ዛፎች ላይ ታየ፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች ወደ 4 ቢልዮን የሚገመቱ ዛፎችን ፈጀ። ዛሬም ከአሮጌው ሥር ቡቃያ ይወጣል፣ ግን ሳይገዝፍ በዚያው በሽታ ይደርቃል። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተጠረበ የቼስትነት ግንድ ያለበት በረት የጠፋ ደን የቀረው አካል ነው። ሆብስ የተጣሉትን ሳንቃዎች ሰብስቦ መርከቡን መልሶ መግጠም እንደሚቻል አስቦ ነበር፤ እዚህ ግን የበሰበሰውን በዓይነቱ በአዲስ እንጨት መተካት አይቻልም። ከዚህ ጋር ሲታይ ማንነት በእንጨቱ ነው ወይስ በቅርጹ የሚለው ክርክር ጭብጡን ይስታል። የማይተካው ክፍል የዳነው የሚተካው ክፍል በጊዜው ስለተተካ ነው፤ በረቱን ያው በረት የሚያደርገው ይህ ያልተቋረጠ መተካካት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፍልስፍና ሳይሆን ከኑሮ ይመጣል፣ ስለዚህም ይከብደኛል። ይህ ሁሉ ታማኝነት ያልከው ድህነት ነው ሊባል ይችላል። በለም ሜዳ ላይ የነበረው ገበሬ ገንዘብ ሲያገኝ አሮጌውን በረት አፍርሶ ትልቅ ሠራ፤ በገደላገደሉ አገር ያለው ግን የሚያፈርስበት ምክንያትም አቅምም አልነበረውም። የቆዩት ስለተወደዱ ሳይሆን ስለተረሱ ነው። በዚያ ላይ እኛ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው፤ የወደቁት በረቶች ባለቤቶች ደግሞ ምናልባት ከተረፉት ባለቤቶች ይበልጥ ይወዷቸው ነበር። በዚህ ውስጥ ብዙ እውነት አለ፤ ከተረፈው ተነሥቶ ስለ ተራፊው ምግባር መናገር አደገኛ ነው። ያም ሆኖ ድህነት የሚያስረዳው በረቱ ለምን እንዳልፈረሰ ነው፤ ለምን እንዳልወደቀ አያስረዳም። ማፍረስ ገንዘብ ይጠይቃል፣ መውደቅ ግን ምንም አይጠይቅም። የድሃ ቤት ካልተጠበቀ ከሀብታም ቤት ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። አቅም ያነሰው ቤተሰብ ክዳኑን ሲያድስ ያወጣት ገንዘብ ከሌላ ነገር የተነሣች ናት። ድህነቱን ስናነሣ ታማኝነቱ ይቀንሳል ብለን የምናስብ ከሆነ ስሌቱን ገልብጠነዋል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለምን ለባለሙያ አይተውም? አርቱር ሃዜሊዩስ በ1891 በስቶክሆልም የስካንሰንን የክፍት አየር ሙዚየም ከከፈተ ወዲህ የገበሬን ቤት ከቦታው ነቅሎ በጥንቃቄ ማቆየት እንደሚቻል ታውቋል። ስሞኪ ተራሮችም ላይ መንግሥት ይህን ከቦታው ሳይነቅል ሊያደርግ ሞክሯል። በዚያ ብሔራዊ ፓርክ በ1934 ሲቋቋም ከ1,200 የሚበልጡ ባለመሬቶች አገራቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ኬድስ ኮቭ በተባለው ሸለቆ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ጆን ኦሊቨር ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክሮ ተሸንፎ በ1937 ወጣ። ከዚያ በኋላ የሸለቆው ቤቶች ምን ሆኑ? የታሪክ ጸሐፊው ደርዉድ ደን በ1988 ባሳተመው የሸለቆው ታሪክ እንዳሳየው፣ ፓርኩ የጥንት ሰፋሪ ቤት የሚመስሉትን የግንድ ቤቶች መርጦ አስቀረ፤ ሰዎቹ እስከ ወጡበት ቀን ድረስ የኖሩባቸውን በሳንቃ የተሠሩ ዘመናዊ ቤቶች ግን አፈረሰ። ሸለቆው ከመቶ ዓመት በላይ ከሌላው አሜሪካ ጋር አብሮ የተራመደ ሕዝብ የኖረበት መሆኑ ቀርቶ በ1850 ቆሞ የቀረ መሰለ። ዛሬ ቲፕተን በተባለው ግቢ ጎብኚ የሚያየው ባለ ተንጠልጣይ ቆጥ በረት በ1968 በቀድሞው አምሳል የተሠራ ነው።

የፓርኩን ሥራ ማጣጣል አልፈልግም። እነዚያን ጣሪያዎች የሚያድሱት ሠራተኞች ሙያቸውን የሚያውቁ ናቸው፣ ያለ እነሱም ብዙ ግንድ በበሰበሰ ነበር። ነገር ግን ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ነው። ተቋም ሲጠብቅ አስቀድሞ አንድ ዘመን ይመርጣል፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን እንደ እንግዳ ያስወጣል። ቤተሰብ ሲጠብቅ ዘመን አይመርጥም፤ ጥርብ ግንዱም፣ ቆርቆሮውም፣ ትራክተር እንዲገባ ተብሎ የሰፋው በርም፣ በግድግዳው የተመታው የኤሌክትሪክ ሽቦም አብረው ይኖራሉ፣ ሁሉም የአንድ ኑሮ ናቸውና። ተቋሙ የሚጠይቀው በረቱ ምን ይመስል ነበር የሚለውን ነው። ቤተሰቡ የሚጠይቀው በረቱ ዘንድሮ ምን ይሠራልን የሚለውን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አንዴ ሲመለስ ያበቃል፤ ሁለተኛው ግን በየዓመቱ ይመለሳል፣ በረቱንም በየዓመቱ የሚያየው ሰው ያገኝለታል። ድርቆሽ ያለበት ጣሪያ ሲያፈስ የሚያውቅ አለ፤ ባዶ ጣሪያ ሲያፈስ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ሆን ብዬ ወደ ኋላ አስቀርቼዋለሁ። የቤተሰብ ውርስን ማወደስ የመሬቱን ታሪክ ከቤተሰቡ ቅድመ አያት እንዲጀምር ማድረግ አይሆንም? እነዚህ ተራሮች የቸሮኪ ሕዝብ አገር ነበሩ። የኦሊቨር ቤተሰብ ኬድስ ኮቭ የደረሰው በ1818 ሲሆን፣ ያ ምድር ከቸሮኪዎች እጅ በስምምነት የወጣው በ1819 ነው፤ ሰፋሪው ከውሉ ቀድሞ ገብቷል። በ1838 የአሜሪካ ጦር ወደ 16,000 የሚጠጉ ቸሮኪዎችን ከአገራቸው አስወጥቶ ወደ ምዕራብ ነዳቸው፤ ወደ 4,000 የሚገመቱት በመጠለያ ካምፕና በመንገድ አለቁ። ካልወጡት የተወለዱት ዛሬም ከፓርኩ አጠገብ በሰሜን ካሮላይና ይኖራሉ። ይህን እያወቁ የአምስት ትውልድ በረት እያሉ መመካት ከአምስቱ ትውልድ በፊት የነበረውን መካድ ይመስላል። በዚህ ላይ ደግሞ አንድ መራራ መገጣጠም አለ፦ በ1930ዎቹ ከሸለቆው የወጡት ገበሬዎች ሐዘናቸውን የገለጹት ከመቶ ዓመት በፊት የተባረሩት ሰዎች ሊረዱት በሚችሉት ስሜት ነበር።

ተቃውሞውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ማለሳለስም አይገባም። ውርስ ማለት ባለመብትነት ብቻ ከሆነ መልስ የለኝም፤ የመጀመሪያው መያዝ ትክክል ካልነበረ አምስት ጊዜ ሲተላለፍ ትክክል አይሆንም። እኔ ግን ስከራከር የቆየሁት ውርስ ከሁሉ በፊት ዕዳ መሆኑን ነው። የክዳኑን ነገር እናስብ። የዛሬው ወራሽ ያንን በረት አልሠራም፣ ግንዱን አልቆረጠም፣ ክዳኑ እንዲያረጅም አላደረገም። ሆኖም ዝናብ ሲገባ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም አይልም፤ ራሱ ያላመጣውን ነገር ራሱ ይከፍላል። ይህን ያደረገ ሰው አንድ ትልቅ መርህ ተቀብሏል፦ ሰው ራሱ ባልፈጸመው ነገር ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። መርሁን ለጣሪያው ተቀብሎ ለመሬቱ እምቢ ማለት አይቻልም። አያቱ የሠሩትን ለማቆየት ግዴታ ያለበት ሰው አያቱ ያደረጉትን ለማወቅና ለመናገርም ግዴታ አለበት። የአባቶቼን በረት እጠብቃለሁ፣ የአባቶቼ በደል ግን አይመለከተኝም የሚል ሰው የማይጠይቀውን ውርስ ብቻ ነው የወሰደው። እውነተኛ ጠባቂ የመሬቱን ታሪክ ሲናገር ከ1818 በፊት ይጀምራል። ይህ ለቸሮኪዎች መሬታቸውን እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ይሁንና ውርስን ከመመኪያነት ያወርደዋል፣ ለሚቀጥለው ፍትሕ ጥያቄም ጆሮ ያለው ሰው በዚያ መሬት ላይ ያስቀምጣል።

ዕዳ ካልን ደግሞ ልጆቹስ የሚለው ይከተላል። ማንም ሳይጠየቅ ተወልዶ የበረት ባለዕዳ መሆን የለበትም። ኖርዌይ ይህን ጥያቄ በሕግ ለመመለስ ሞክራለች። በዚያ አገር ኦደል የሚባል የዘር መብት አለ፤ የእርሻ ቦታ ከቤተሰብ እንዳይወጣ ወራሹ የቅድሚያ መብት እንዲኖረው ያደርጋል፣ በ1814ቱ ሕገ መንግሥትም ውስጥ ገብቷል። የርስትን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ አስተሳሰቡ እንግዳ አይሆንበትም። ለረጅም ዘመን ወንድ ልጅ ከሴት ልጅ ይቀድም ነበር፤ ይህን ያረመው የ1974ቱ ሕግ ነው። ለእኔ ክርክር የሚጠቅመው ግን ከመብቱ ጋር የታሰረው ግዴታ ነው፦ በኦደል ቦታውን የወሰደ ሰው በዚያው ለተወሰኑ ዓመታት መኖርና ማረስ አለበት። ግዴታውን የማይፈልግ መብቱን ሊተወው ይችላል፤ ማንም በግድ አይወስድም። ይህ ሚዛን ትክክል ይመስለኛል። ከልጆቹ አንዱ ወደ ከተማ ቢሄድ ከዳ አይባልም፤ መሄድ የማይቻልበት ቦታ ላይ መቅረት ታማኝነት አይደለምና። ነገር ግን የሄደው ሰው የቀረውን ወንድሙን ወይም እኅቱን በክዳኑ ላይ ብቻውን ወይም ብቻዋን ትቶ ለበዓል ሲመለስ የአባቶቻችን በረት ማለት አይገባውም።

ዛሬ ውሳኔውን ያከበደው አዲስ ነገር ገበያው ነው። የቼስትነት ደን ከጠፋ ወዲህ ከአሮጌ በረት የወጣ ሳንቃና ግንድ ለወለልና ለቤት ዕቃ በውድ ይፈለጋል። ቆሞ ያለ በረት በየዘመኑ ወጪ ይጠይቃል፤ የፈረሰው ግን በአንድ ቀን ገንዘብ ያመጣል። ድርቆሹ በትልልቅ ክብ እስር እየሆነ ከአሮጌው ቆጥ ስለማይገባ በረቱ የቀድሞ ሥራውን አጥቷል፤ ሥራ ያጣ ቤት ደግሞ ከላይ እንዳልኩት የሚያየው ሰው ያጣል። የአሜሪካ መንግሥት ገቢ ለሚያስገቡ ታሪካዊ ሕንፃዎች እድሳት የወጪውን 20 በመቶ ከግብር ይቀንሳል፤ ሆኖም ይህ ዕድል ሰፊ እድሳትና ብዙ ማመልከቻ ለሚጠይቁ ሕንፃዎች እንጂ ጥቂት ከብት ላለው ገበሬና ለአንድ ጣሪያ የሚመች አይደለም። በእኔ አስተያየት የሕዝብ ገንዘብ የሚሄድበት ቦታ መቀየር አለበት፤ ከመታሰቢያ ሰሌዳና ከትልቅ እድሳት በፊት ለክዳን፣ በትውልድ አንድ ጊዜ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ያለ ረጅም ወረቀት፣ የክዳኑንም ዓይነት ለቤተሰቡ ፈቃድ ትቶ። ከዚያ በኋላ በረቱ የእርሻ መሣሪያ ይኑርበት፣ ፍየል ይደርበት፣ ወይም የሰርግ አዳራሽ ይሁን፣ ሥራ እስካለው ድረስ ምርጫው የሚኖሩበት ሰዎች ነው። ሂሳቡም ከባድ አይደለም፤ ጥቂት ቆርቆሮና ምስማር፣ የጥቂት ሰዎች የጥቂት ቀን ጉልበት ነው። ግንዱ አንዴ ከበሰበሰ ግን በዓይነቱ የሚተካው የቼስትነት ግንድ የሚገኘው ከሌላ ቤተሰብ የፈረሰ በረት ብቻ ነው።